የእንግሊዝኛ ጥምር ቃል ስትፈቱ እነዚህን አትሳሳቱ

«ናይትሜር» ማለት ቅዠት ነው። እኔ ግን ለዓመታት ተማሪዎቼን «ናይት ሌሊት፣ ሜር ባዝራ» እያልኩ አስተምሬያለሁ። ሰሌዳ ላይ ፈረስ ሁሉ ስዬ ነበር። አንድ ቀን አንዷ ልጅ «መምህር፣ ቅዠትና ፈረስ ምን አገናኛቸው?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ቤት ገብቼ መዝገበ ቃላት ስገልጥ፣ ለካ ይህ «ሜር» ከባዝራዋ ጋር ጭራሽ አይተዋወቁም! በጥንቱ እንግሊዝኛ የተኛን ሰው ደረት የሚጫን ክፉ መንፈስ ነው። ዱካክ በሉት። አያቴ ብትጠየቅ ኖሮ ሳትገልጥ ትመልሰው ነበር።

ቃልን በዛሬ መልኩ መሰንጠቅ ይሉታል ይሄ ነው፤ አንገሽግሾኛል። «ሃምበርገር» ሲባል «ሃም የአሳማ ሥጋ አይደል እንዴ?» የሚል አይጠፋም። አይደለም! የጀርመኗ ወደብ ሃምቡርግ ናት፤ መጨረሻው ላይ ያለው «ኧር» «የዚያ አገር» እንደማለት ነው። «በርገር» ብቻውን የቆመው ሰው በስህተት ከቆረጠው በኋላ ነው፤ «ቺዝበርገር» የተወለደው ከዚያ ነው። «ፔንትሃውስ»፣ ማለትም የፎቅ አናት ላይ ያለው የቅንጦት መኖሪያ፣ ውስጥም «ሃውስ» (ቤት) የለም። ከፈረንሳይኛ የመጣ ነው፤ ግድግዳ ተደግፎ የሚሠራ ተቀጥላ ጣሪያ ነበር። ሰሚው «ሃውስ» አድርጎ ሰማው። ዛሬ ስንት ብር እንደሚጠራበት ታውቃላችሁ። «ብራይድግሩም»፣ ማለትም ሙሽራው፣ መጨረሻው «ጉማ» ነበር፤ ሰው፣ ወንድ ማለት ነው። «ጉማ» ሲረሳ ሕዝቡ በቦታው «ግሩም» የሚለውን ከተተበት። «ግሩም» ያኔ አሽከር ነበር፤ ዛሬ ፈረስ ጠባቂም ማለት ነው። ፈረሱ አልለቀቀኝም።

ሌላው፣ ክፍሎቹ ትክክል ሆነው ትርጉማቸው ያኔም የዛሬው ነው ብሎ ማሰብ። «ከበርድ»፣ ማለትም ቁም ሳጥን፣ ውስጥ ያለው «ቦርድ» ጠረጴዛ ነበር፤ ኩባያ የሚደረደርበት። «ፓይናፕል»ም የአናናስ ስም ከመሆኑ በፊት የጥድ ፍሬ ስም ነበር።

ያማረ ተረትም አትመኑ። «በተርፍላይ»፣ ማለትም ቢራቢሮ፣ የተገለበጠ «ፍላተር ባይ» (እየተርገበገበ ማለፍ) ነው የሚሉ አሉ፤ ከ1000 ዓመት በፊትም ቅቤና ዝንብ ተብሎ ነው የተጻፈው።

ደግሞ እዚህ የደነገጠ ሰው ሁሉን ይጠራጠራል። «ብሬክፋስት» እኮ እንዳለ ነው፦ ጾምን መስበር። አነባበቡ ብቻ ነው የተሸበሸበው። የእኛም ቁርስ ከመቁረስ ነው ብዬ ስነግራቸው አንዱ ተማሪ ከመቀመጫው ተነስቶ «ከእኛ ወስደውት ነው!» አለ። ቁጭ በል አልኩት።