ለቤተሰብ ሃይብሪድ ኤስዩቪ ሲገዙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እዚህ አሜሪካ፣ ዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ፣ የአሌክሳንድሪያን ወይም የሲልቨር ስፕሪንግን የቤተ ክርስቲያን ፓርኪንግ ቆም ብለው ይዩት። ድሮ ካምሪና ኮሮላ ይሞላው የነበረው ቦታ ዛሬ ራቭ ፎር፣ ሃይላንደርና ሲአር-ቪ ተደርድሮበታል። ብዙዎቹ ሃይብሪድ፣ ማለትም የቤንዚንም የኤሌክትሪክም ሞተር ያላቸው ናቸው። አንዱ ገዝቶ ያመሰግናል፣ ሌላው ይሰማል፣ በሳምንቱ እሱም ዲለር ጋ ተቀምጦ ይፈርማል።

የማውቃቸው ሁለት ቤተሰቦች በአንድ ዓመት ውስጥ አንድ ዓይነት ሃይብሪድ ኤስዩቪ ገዙ። አንደኛው ቤተሰብ ዛሬም «ከዚህ መኪና የሚለየን የለም» ይላል። ሌላው ዓመት ከመንፈቅ ሳይሞላው በኪሳራ ሸጠው። መኪናው ያው መኪና ነው። የተለያየው የሁለቱ ቤት ኑሮ ነው። እኔም የራሴን ስገዛ ቀላል የማይባል ስህተት ሠርቻለሁ፤ እሱን መጨረሻ ላይ አነሳዋለሁ። ለዓመታት የሚከፈል ዕዳ የሚገባበት ነገር ስለሆነ ረጋ ብለን እንየው።

ሃይብሪድን ሁሉ አንድ አድርጎ ማየት

«ሃይብሪድ ነው» ሲባል ብዙ ሰው የሚሰካ መኪና ይመስለዋል። መደበኛው ሃይብሪድ ግን አይሰካም። ቤንዚን ይቀዱለታል፣ ይነዱታል፣ በቃ። ፍሬን ሲይዙና ቁልቁለት ሲወርዱ በከንቱ ይጠፋ የነበረውን ጉልበት ኤሌክትሪክ ሞተሩ ሰብስቦ ወደ ባትሪው ይመልሰዋል። ከቆሙበት ሲነሱ ደግሞ ያንኑ ያወጣዋል።

ሁለተኛው ዓይነት ፕላግ ኢን ሃይብሪድ ነው። ይሄኛው ይሰካል፤ ባትሪውም ትልቅ ነው። ለምሳሌ የ2021 ራቭ ፎር ፕራይም ሙሉ ቻርጅ ሲሆን 42 ማይል ያህል ያለ ቤንዚን ይሄዳል። ቤትዎ ጋራዥ ካለው፣ ሥራዎም ደርሶ መልስ ከ40 ማይል የማይበልጥ ከሆነ ሳምንቱን ሙሉ ማደያ ሳይረግጡ ሊከርሙ ይችላሉ። አፓርታማ ሦስተኛ ፎቅ ላይ እየኖሩ፣ ፓርኪንጉ ላይ መሰኪያ ሳይኖር ይህን መግዛት ግን ከባድ ባትሪ ተሸክሞ በቤንዚን መንዳት ነው። ዋጋውም ከመደበኛው ይበልጣል።

የታክሱንም ነገር ልብ ይበሉ። በኤሌክትሪክና በፕላግ ኢን መኪኖች ላይ ይሰጥ የነበረው እስከ 7,500 ዶላር የሚደርስ የፌዴራል የታክስ ድጋፍ ከሴፕቴምበር 30 ቀን 2025 በኋላ ለሚገዙ መኪኖች ቀርቷል። ያንን አስልቶ የሚመክርዎት ወዳጅ ካለ መረጃው አርጅቶበታል።

የነዳጁን ቁጠባ በሌላ ሰው መንገድ ማስላት

ትልቁ ስህተት ይሄ ይመስለኛል። ስለዚህ ሂሳቡን አብረን እንሥራው።

በዓመት 12,000 ማይል ይነዳሉ እንበል። በጋሎን 30 ማይል የሚሄድ የቤንዚን መኪና 400 ጋሎን ይፈጃል። 40 ማይል የሚሄደው ሃይብሪድ 300 ይበቃዋል። የሚተርፈው 100 ጋሎን ነው። ጋሎኑን በ3 ዶላር ከ20 ሳንቲም ብንይዘው በዓመት 320 ዶላር ይሆናል። በወር 27 ዶላር ገደማ ማለት ነው። ሃይብሪዱ ከቤንዚኑ በ2,000 ዶላር ከበለጠ፣ ብልጫው የሚመለሰው ከስድስት ዓመት በኋላ ነው።

አሁን ደግሞ ኡበር የሚሠራውን አባወራ እንውሰድ። በዓመት 40,000 ማይል ይነዳል። በዚያው ስሌት 333 ጋሎን ይተርፈዋል፤ ከ1,000 ዶላር በላይ ነው። 2,000 ዶላሩ ሁለት ዓመት ሳይሞላ ይመለሳል። ስለዚህ የታክሲ ሰው «ግዛ፣ አታመንታ» ሲልዎት እውነቱን ነው፤ የሚያወራው ግን ስለራሱ ኪስ ነው።

የሚነዱበት መንገድም ከማይሉ እኩል ይቆጠራል። የ2024 ራቭ ፎር የፊት ጎማ ነጂው ቤንዚን መኪና በይፋዊው ግምት በጋሎን በከተማ 27፣ በሃይዌይ 35 ማይል ይሄዳል። ሃይብሪዱ በከተማ 41፣ በሃይዌይ 38 ነው። በከተማ ልዩነቱ 14 ማይል፣ በሃይዌይ 3 ብቻ። ሃይብሪድ የሚጠቅመው ቆም ነሳ ሲበዛ ነው። ኮሎምቢያ ፓይክ ላይ ከመብራት መብራት እየቆሙ ልጅ የሚያመላልሱ እናት ይጠቀማሉ። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነስቶ በባዶ መንገድ ከፍሬድሪክስበርግ ዲሲ የሚገባው ሰው የሚያገኘው ጥቂት ነው። በኪሳራ ሸጠ ያልኩት ወዳጄ እንዲህ ያለ ነጂ ነበር።

አንድ ብዙዎች የማያስተውሉት ነገር ልጨምር። በጋሎን 20 ማይል ከሚሄድ አሮጌ መኪና ወደ 30 ቢሸጋገሩ በ12,000 ማይል 200 ጋሎን ይተርፋል። ከ30 ወደ 40 ሲሄዱ የሚተርፈው ግማሹ፣ 100 ጋሎን ነው። ቁጥሩ በሁለቱም በኩል በ10 ከፍ ብሏል፤ ገንዘቡ ግን አንድ አይደለም። እንግዲህ ብዙ የሚጠጣ መኪና ቤትዎ ካለ ዋናው ጥቅም ያለው እሱን መገላገሉ ላይ ነው። በተመሳሳይ ምክንያት ሃይብሪድ ከትንሹ ይልቅ ባለ ሦስት ረድፉ ላይ ይበልጥ ያዋጣል። ሃይላንደር በቤንዚን በአማካይ 24 ወይም 25 ሲሄድ ሃይብሪዱ 35 አካባቢ ነው።

ባትሪውን ወይ ከልክ በላይ መፍራት፣ ወይ ጨርሶ መርሳት

«ባትሪው ከሞተ አለቀልህ» የሚለው ወሬ የቆየ ነው። በአሜሪካ ቶዮታ ከ2020 ሞዴል ጀምሮ የሃይብሪድ ባትሪውን ለ10 ዓመት ወይም ለ150,000 ማይል፣ ቀድሞ ለደረሰው፣ ዋስትና ይሰጠዋል። ያገለገለ ሲገዙ ዋስትናው የሚቆጠረው መኪናው መጀመሪያ ከተሸጠበት ቀን ነው። እርስዎ ከገዙበት ቀን አይደለም። ይህን ቀን ሳያውቁ ዋጋ አይነጋገሩ።

የሚረሳው ግን ትንሹ ነገር ነው። ብዙ ሃይብሪዶች ባትሪያቸውን የሚያቀዘቅዙት ከመኪናው ውስጥ አየር ስበው ነው። በራቭ ፎር የአየር መሳቢያው ቀዳዳ ከኋላ መቀመጫው ግርጌ፣ ልክ የልጆች እግር የሚወዛወዝበት ቦታ ላይ ነው። የጎረቤቴ መኪና ማስጠንቀቂያ እያበራ ሲያስቸግራት አብሬያት ጋራዥ ሄጄ ነበር። መካኒኩ የፕላስቲክ ክዳኑን ነቅሎ ማጣሪያውን አወጣና ጠረጴዛው ላይ አራገፈው። የተፈጨ ብስኩት፣ ፈንዲሻ፣ ሦስት ፍሬ የገብስ ቆሎ፣ በላዩ ላይ እንደ ጥጥ የተጠቀለለ አቧራ። መረቡ አይታይም ነበር። አጥቦ መለሰው፣ መብራቱም ጠፋ። ልጅ ያለው ቤት ይህን ማጣሪያ በየጊዜው ማየት አለበት። ብርድ ልብስና ቦርሳም አፉ ላይ አይከመርበት።

ሌላው ተራው 12 ቮልት ባትሪ ነው። ሃይብሪድም አለው። እሱ ከሞተ ትልቁ ባትሪ ሙሉ ቢሆንም መኪናው አይነሳም። ለገና አዲስ አበባ ሄደው ስድስት ሳምንት የሚከርሙ ከሆነ አንድ ሰው አልፎ አልፎ እንዲያስነሳልዎት ይንገሩ፤ ወይም የባትሪ መጠበቂያ ቻርጀር ያያይዙ። በሌሊት ከአየር ማረፊያ ደክሞዎት ሲመለሱ የሞተ መኪና ማግኘት ያበሳጫል።

«በአራቱም ጎማ ነው» ብሎ በረዶን መናቅ

ራቭ ፎርን በመሰሉ ሃይብሪዶች የኋላ ጎማዎቹን የሚያዞረው ለብቻው የተቀመጠ ኤሌክትሪክ ሞተር ነው። ከፊት ወደ ኋላ የሚሄድ ዘንግ የለም። ለሜሪላንድና ለቨርጂኒያ ክረምት ይበቃል። ለመቆም ግን ምንም አይረዳም፤ የሚያቆመው ጎማ ነው። በብርድ ጊዜ ደግሞ ማሞቂያው ሙቀት ስለሚፈልግ የቤንዚን ሞተሩ ቶሎ ቶሎ ይነሳል፣ የነዳጅ ቁጠባውም ይቀንሳል። በጃንዋሪ ይህን አይተው መኪናው ተበላሸ ብለው አይደንግጡ። ትርፍ ጎማ እንዳለውም ወለሉን ከፍተው ይዩ፤ አንዳንዶቹ የጎማ መጠገኛ ኪት ብቻ ነው ያላቸው።

ወርሃዊ ክፍያ ላይ ብቻ መደራደር

«በወር ስንት ይመችዎታል?» ሲባሉ ቁጥር አይናገሩ። ቁጥሩን ከሰጡ በኋላ ዓመቱን አርዝመው፣ የቀለም መከላከያና የተራዘመ ዋስትና ጨማምረው እዚያው ቁጥር ላይ ያደርሱዎታል። ሊጠይቁ የሚገባው የመጨረሻውን ዋጋ፣ ታርጋና ታክስ ተጨምሮ፣ በጽሑፍ ነው። ተፈላጊ በሆኑ ሃይብሪዶች ላይ ከፋብሪካው ዋጋ በላይ የሚጠይቁ ሻጮች አሉ። 3,000 ዶላር ከጨመሩብዎት ቅድም ያሰላነው የነዳጅ ቁጠባ ከዘጠኝ ዓመት በላይ ተበላ ማለት ነው። ሌላ ከተማ ይደውሉ፤ ሪችመንድ ድረስ ሄዶ መግዛት የሚያዋጣበት ጊዜ አለ።

ቨርጂኒያ የሚኖሩ ደግሞ ሁለት ነገር ይጨምሩ። በጋሎን 25 ማይልና ከዚያ በላይ የሚሄድ መኪና ከጁላይ 2020 ጀምሮ ሲመዘገብ የመንገድ አጠቃቀም ክፍያ አለበት። ነዳጅ ላይ የሚከፈለው ታክስ ስለሚያንስ ነው። ሁለተኛው በየዓመቱ በመኪናው ዋጋ ልክ ለካውንቲው የሚከፈለው ታክስ ነው። መኪናው ውድ በሆነ ቁጥር እሱም ከፍ ይላል። ኢንሹራንሱንም ከመፈረምዎ በፊት ያስገምቱ።

«በኋላ ወደ አገር ቤት እልከዋለሁ» ማለት

ይህን ሐሳብ ይዘው የሚገዙ አሉ። ኢትዮጵያ በጥር 2016 ዓ.ም. ኤሌክትሪክ ያልሆኑ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ መከልከሏን አስታውቃለች። ሃይብሪድ የቤንዚን ሞተር አለው። ጉምሩክን በቀጥታ ሳይጠይቁ በዚህ ተስፋ ገንዘብ አያውጡ።

መቀመጫ ቆጥሮ ሰውን መርሳት

የእኔ ስህተት ይሄ ነው። ሰባት ሰው የሚይዝ ባለ ሦስት ረድፍ ሃይብሪድ ገዛሁ። እኛ አራት ነን፣ እማዬ ስትመጣ አምስት። ይተርፋል ብዬ አሰብኩ። ስሞክረውም ብቻዬን ሄጄ፣ ሃይዌይ ላይ ነድቼ፣ ተመለስኩ።

እማዬ በግንቦት መጣች። ሁለቱ ልጆች መሃለኛው ረድፍ ላይ፣ አንደኛዋ ካርሲት (የልጅ መቀመጫ)፣ ታላቁ ቡስተር (ከፍ የሚያደርግ መቀመጫ) ላይ ናቸው። ካርሲት የታሰረበትን ወንበር አጥፎ ወደ ኋላ ማለፍ አይቻልም። እማዬ ነጠላዋን ሰብስባ፣ በሁለቱ ወንበሮች መሃል በጎን ገብታ፣ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጠች። ጉልበቷ ደረቷ ጋ ደረሰ። «ልጄ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ሩቅ ነው እንዴ?» አለችኝ። አሥራ አምስት ደቂቃ ነበር።

ስለዚህ ሲሞክሩ ሁሉንም ይዘው ይሂዱ። ካርሲቱን ከቤት ነቅለው ይውሰዱና እዚያው ይሰሩት። ሦስት ካርሲት ጎን ለጎን ማሰር ካለብዎት በልኬት ወረቀት አይተማመኑ። ከአገር ቤት የሚመጣ ትልቅ ሰው ካለ መርገጫው ከፍ ማለቱን በእነሱ ዕድሜ ሆነው ይዩት።

ከዚያ ሻንጣ አለ። በኢትዮጵያ አየር መንገድ ከዲሲው ደለስ አየር ማረፊያ የሚበር መንገደኛ ሁለት ሁለት ባለ 23 ኪሎ ሻንጣ ይይዛል። አምስት ሰው አሥር ሻንጣ ነው። ሃይላንደር ሦስተኛው ረድፍ ሲዘረጋ ከኋላው የሚቀረው 16 ኪዩቢክ ፊት ነው፤ ሦስት ወይም አራት ትልልቅ ሻንጣ ነው የሚወስደው። ከ2021 ሞዴል ጀምሮ በሃይብሪድ ብቻ የሚመረተው ሲዬና ሚኒቫን እዚያው ቦታ ላይ 33.5 አለው፤ በሩ ይንሸራተታል፣ ወለሉም ዝቅ ያለ ነው። ሚኒቫን ስል ፊታቸውን የሚያዞሩ ሰዎች አውቃለሁ። አንድ ጊዜ ገብተው ይቀመጡበትና ከዚያ ይወስኑ።

እኛ ታላቁን ልጅ በቡስተሩ ወደ ኋላ አዛውረነው እማዬ አሁን መሃል ትቀመጣለች። ደለስ ስንሸኛት ግን ሻንጣውን የባለቤቴ ወንድም በራሱ መኪና ይዞ ከኋላችን ይመጣል።