ከኪሎው በፊት ቁመቱን ለኩልኝ በሉ

እናቶች ልጅ ይዘው ሲመጡ መጀመሪያ የሚጠይቁኝ «ሲስተር፣ ኪሎው ስንት ገባ?» ብለው ነው። ኪሎ አይናቅም። ግን ልጅ ተቅማጥ ሲይዘው ይቀንሳል፣ ሲሻለው መልሶ ይጨምራል። እኔ ዓይኔን የምጥለው ቁመቱና የጭንቅላቱ ዙሪያ ላይ ነው። የሕፃን አንጎል በጣም የሚያድገው ከፅንሱ ጀምሮ እስከ ሁለት ዓመቱ ድረስ ነው። በዚያ ጊዜ ምግብ የጎደለው፣ በሽታ የተመላለሰበት ልጅ ቁመቱ ይቀራል፤ አንጎሉም የድርሻውን ይጎዳል። አጭር ልጅ ሁሉ ትምህርት አይገባውም ማለቴ ግን አይደለም፤ በዘሩ አጭር የሆነም አለ።

መጀመሪያ እድሜውን አጥሩ። «ዓመት ሊሞላው ነው» ብትሉኝ ብዙም አይረዳኝም። «የጥምቀት ማግስት ወለድኩት» ካላችሁ ግን ጥር 12 ብዬ እጽፋለሁ። በዚህ እድሜ ልጅ በወር አንድ ሴንቲሜትር ገደማ ስለሚያድግ፣ በእድሜው ላይ የአንድ ወር ስህተት ውጤቱን ያዛባል።

ቁመት ላይ ነው ብዙው ስህተት የሚሠራው። ከሁለት ዓመት በታች ያለ ልጅ በመለኪያ ሰሌዳ ላይ ተኝቶ ይለካል፣ ሥራውም ሁለት ሰው ይፈልጋል። ጫማ፣ ካልሲ፣ ኮፍያ ይውለቅ። አናት ላይ የተቋጠረ ሹሩባም ይፈታ፤ እናት ቅር ቢላትም። እናት ከራስጌ ተንበርክካ ጭንቅላቱን በሁለት እጇ ይዛ ሰሌዳው ላይ ታስጠጋለች፣ የልጁ ዓይን ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ያያል። እኔ በግራ እጄ ጉልበቱን ጫን አድርጌ፣ በቀኝ እጄ ተንሸራታቹን ከውስጥ እግሩ ጋር አገጥማለሁ። ልጁ ማልቀሱ አይቀርም። ጉልበቱ ከታጠፈ ግን ያ ቁጥር ዋጋ የለውም፣ እንደገና ይለካ። ቆሞ ከተለካ ደግሞ 0.7 ሴንቲሜትር ይጨመርበታል።

ዓመት የሞላው ወንድ ልጅ ከ71 ሴንቲሜትር፣ ሴት ልጅ ከ69 ሴንቲሜትር ገደማ በታች ከሆኑ መቀንጨር ነው የምንለው። በ2019 እ.ኤ.አ. በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ልጆቻችን 37 በመቶው ቀንጭረው ተገኝተዋል። ብዙዎቹን ብታዩአቸው ጉንጫቸው ሙሉ ነው። አንዳንድ አያቶች ቁጥሩ ጮክ ተብሎ ሲነገር ዓይን እንዳይበላብን ይላሉ። እኔም ካርዱ ላይ ጽፌ በዝምታ አሳያለሁ።

የጭንቅላት ዙሪያ እቤትም ይለካል። የልብስ ሰፊ ሜትር ሲያረጅ ስለሚለጠጥ የማይሳብ ሜትር ፈልጉ። ከፊት ከቅንድብ በላይ፣ ከጎን ከጆሮ በላይ፣ ከኋላ በጣም በወጣው ቦታ አዙሩና ፀጉሩ እስኪተኛ ጠበቅ አድርጉት። ሦስት ጊዜ ለክታችሁ ትልቁን ያዙ። ሲወለድ 34 ገደማ፣ ዓመት ሲሞላው 45 ወይም 46 ይደርሳል። አንድ ቁጥር ብቻውን ብዙ አይናገርም፤ በየወሩ መዝግቡት። ጭንቅላቱ በፍጥነት እየተለቀ እርግብግቢቱ ከተወጠረ፣ ካስመለሰውም፣ የዚያኑ ቀን ሆስፒታል ውሰዱት። ማደጉን ካቆመም ሐኪም ይየው። ልጁ ደህና ሆኖ ጭንቅላቱ ብቻ ተለቅ ካለ የአባቱንም ለኩ፤ አንዳንዴ መልሱ እዚያ ነው።

የክንዱ ዙሪያ ከ6 ወር በኋላ ይለካል፤ ግራ ክንድ፣ በትከሻና በክርን መካከል፣ እጁ ዘና ብሎ። ከ11.5 ሴንቲሜትር በታች በባለቀለሙ የክንድ ሜትር ላይ ቀይ ነው፤ ልጁ በጣም ከስቷል ማለት ነው፣ ቀጠሮ አይጠበቅም። ሁለቱንም እግሮቹን በአውራ ጣት ለሦስት ሰከንድ ጫን ብላችሁ ስትለቁ ከጎደጎደም እንደዚያው፣ ክንዱ አረንጓዴ ቢያሳይም።

ሜትር የማይለካው አንድ ነገር አለ፦ ደም ማነስ። የአይረን እጥረት አንጎልን ይጎዳል። ብርሃን ያለበት ቦታ ላይ መዳፉን ከእናንተ መዳፍ አጠገብ አድርጋችሁ አስተያዩ። ነጣ ካለ ጤና ጣቢያ አስመርምሩት፣ ኪኒኑን ራሳችሁ አትጀምሩ። ዳቦ በሻይ እየነከራችሁ የምታበሉትም ከሆነ ሻይዋን አስቀሩለት፤ ከምግቡ የሚያገኘውን አይረን ሰውነቱ እንዳይወስድ የምታደርገው እሷ ናት።