ወደብ ላይ የቆሙ የጦር መርከቦችንና ባለ ሸራ መርከቦችን እንዴት እንደሚጎበኙ

የጦር መርከብ ወደብ ገባ ሲባል አብዛኛው ሰው ዳር ቆሞ ሰልፊ ይነሳና ወደ ቤቱ ይሄዳል። መርከቡ ግን ብዙ ጊዜ ለሕዝብ ክፍት ነው። መወጣጫውን ተሻግሮ መግባት፣ መድፉን ጠጋ ብሎ ማየት፣ መሪ የሚይዘውን ልጅ ማናገር ይቻላል። መርከቡ ለጉብኝት የመጣ ከሆነ ደግሞ መግቢያው አብዛኛውን ጊዜ በነፃ ነው። ትንሽ መዘጋጀት ብቻ ነው የሚፈልገው። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶችና ወሮች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

1. መርከቡ ምን ዓይነት እንደሆነ ለዩ

የጉብኝቱ ሥርዓት እንደ መርከቡ ዓይነት ይለያያል።

አንደኛው ሙዚየም የሆነ መርከብ ነው። ለንደን ቴምዝ ወንዝ ላይ የቆመው ቤልፋስት፣ ኒውዮርክ ያለው አውሮፕላን ተሸካሚው ኢንትሬፒድ፣ ሳንዲዬጎ ያለው ሚድዌይ ከዚህ ወገን ናቸው። ቲኬት ትቆርጣላችሁ፣ ምልክቱን ተከትላችሁ በራሳችሁ ፍጥነት ትዞራላችሁ። ለቤልፋስት ግማሽ ቀን መድቡ። 9 ደርብ አለው፤ እታች ወርዳችሁ የሞተሩን ክፍል ካላያችሁ መርከቡን አየሁ አትበሉ። ፖርትስመዝ ያለው ቪክቶሪ፣ ማለትም የእንግሊዙ አድሚራል ኔልሰን እ.ኤ.አ. በ1805 በትራፋልጋር የባሕር ውጊያ የሞተበት መርከብ፣ ረጅም ጥገና ላይ ስለሆነ ከሩቅ በሙሉ ግርማው አታዩትም። ውስጡ ግን አሁንም ድንቅ ነው። ስቶክሆልም ያለው ቫሳ ደግሞ በ1628 በመጀመሪያ ጉዞው ሰምጦ በ1961 የወጣ ነው። እሱን ዙሪያውን እየዞሩ ማየት እንጂ መሳፈር አይቻልም። መርከብ ላይ ለመውጣት ብላችሁ ቫሳ ዘንድ እንዳትሄዱ።

ሁለተኛው በሥራ ላይ ያለ የጦር መርከብ ነው። ለጥቂት ቀናት ወደብ ገብቶ ለጥቂት ሰዓታት በሩን ይከፍታል። ሰዉን በቡድን በቡድን እየከፋፈሉ የሚያስገቡት መርከበኞቹ ራሳቸው ናቸው።

ሦስተኛው፣ ለእኔ ከሁሉም የሚጥመኝ፣ ባለ ሸራው የማሠልጠኛ መርከብ ነው። የጣሊያኑ አሜሪጎ ቬስፑቺ (1931)፣ የስፔኑ ሁዋን ሴባስቲያን ደ ኤልካኖ (1927)፣ የአሜሪካ የባሕር ዳርቻ ጥበቃው ኢግል (1936) አሁንም እጩ መኮንኖችን ጭነው ውቅያኖስ ያቋርጣሉ። ኢግል የተሠራው ጀርመን አገር፣ ሃምቡርግ ነው፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው ወደ አሜሪካ እጅ የገባው። በሳተላይት ዘመን ሸራ መጎተት ምን ይሠራል የሚል ሰው አይጠፋም። መልሱ ቀላል ነው። አንድ ትልቅ ሸራ ለመስቀል ብዙ ሰው አንድ ገመድ ላይ እኩል መሳብ አለበት። የ19 ዓመት ልጅ ትእዛዝ መስማትን፣ ንፋስን ማንበብንና ጓደኛውን ማመንን በአንድ ጊዜ የሚማርበት ከዚህ የተሻለ ቦታ የለም።

ቦስተን ያለው ኮንስቲትዩሽን ከሙዚየሙም ከባሕር ኃይሉም ነው። በ1797 ባሕር ላይ የወረደ ሆኖ ዛሬም በአሜሪካ ባሕር ኃይል መዝገብ ላይ አለ። አስጎብኚዎቹም ደሞዝተኛ የባሕር ኃይል አባላት ናቸው። መግቢያው ነፃ ነው፤ አዋቂዎች መታወቂያ መያዝ አለባቸው።

2. ቀኑን ፈልጉ

መርከቦች በብዛት የሚሰበሰቡበት ጊዜ አለ። ኒውዮርክ ከ1984 ጀምሮ በግንቦት መጨረሻ ገደማ «ፍሊት ዊክ» (የጦር መርከቦች ሳምንት) ታከብራለች። ሳንፍራንሲስኮ የራሷን በጥቅምት ወር ታደርጋለች። ጀርመን ኪል ከተማ በሰኔ የሚካሄደው የሸራ ጀልባዎች ሳምንት ከ1882 ጀምሮ ያለ ነው። አምስተርዳም በየ5 ዓመቱ ባለ ሸራዎቹን ትጠራለች። ከ1956 ጀምሮ የሚካሄደው የባለ ሸራ መርከቦች ውድድርም በየበጋው ወደቡን እየቀያየረ በአውሮፓ ይዞራል። በዓል ከሌለም መርከብ ነዳጅና ስንቅ ሊጭን ብቻ ይገባል። የወደቡን አስተዳደርና የመርከቡን ይፋዊ ገጽ ተከታተሉ።

ሁለት ማስጠንቀቂያ። መርከቡ የሚገባበት ቀንና ለሕዝብ የሚከፈትበት ቀን አንድ አይደሉም። ደግሞም የጦር መርከብ ፕሮግራም በአንድ ስልክ ጥሪ ይሰረዛል። ከቤት ሳትወጡ ጠዋት ላይ እንደገና አጣሩ። መርከቦችን በካርታ የሚያሳዩ አፖች ለንግድ መርከብና ለባለ ሸራ ጥሩ ናቸው። የጦር መርከቦች ግን ምልክታቸውን ሊያጠፉ ስለሚችሉ ካርታው ላይ ስላላያችሁ አልመጣም ብላችሁ አትቅሩ።

ቅዳሜና እሁድ ሰልፉ ያሰለቻል። ከቻላችሁ በሥራ ቀን፣ በሩ ከመከፈቱ ግማሽ ሰዓት ቀድማችሁ ድረሱ። የሰልፉ መጨረሻ ከመዝጊያው ሰዓት በፊት እንደሚቆረጥም አትርሱ። «እስከ 10 ሰዓት ክፍት ነው» ከተባለ ዘጠኝ ተኩል ላይ የደረሰ ሰው ላይገባ ይችላል።

3. አለባበስና ቦርሳ

ሶሉ የማያንሸራትት ዝግ ጫማ አድርጉ። ባለ ተረከዝ ጫማ በብረት መሰላል ላይ አደጋ ነው፤ አንዳንድ መርከብ ላይ ጭራሽ አያስገባም። በሸራ መርከብ ደግሞ ተረከዙ የእንጨቱን ወለል ይጎዳል። ቀሚስም አይመከርም። መሰላሉ ቀጥ ያለ ነው፣ ከታች የሚጠብቅ ሰውም አለ።

ቦርሳ ትንሽ ይሁን፤ ባይኖር ይሻላል። ፍተሻው እንደ አየር ማረፊያ ነው፣ ትልልቅ ሻንጣ ይመለሳል፣ የሚያስቀምጥላችሁም የለም። መታወቂያ ያዙ፤ የውጭ አገር ሰው ከሆናችሁ ፓስፖርት። ሽንት ቤት ከመሳፈራችሁ በፊት ተጠቀሙ፣ ምክንያቱም የጎብኚ ሽንት ቤት ብዙውን ጊዜ የለም።

4. ከመሳፈራችሁ በፊት ከውጭ አንብቡት

ሰልፍ ላይ ስትቆሙ ስልካችሁን ትታችሁ መርከቡን እዩ። ጎኑ ላይ የተጻፈው ቁጥር ብዙ ይናገራል። በእንግሊዝና በበርካታ የአውሮፓ ባሕር ኃይሎች «ዲ» የሚለው ፊደል ዲስትሮየር የሚባለውን ትልቅ የውጊያ መርከብ፣ «ኤፍ» ፍሪጌት የሚባለውን ብዙ ጊዜ ከሱ አነስ የሚል የውጊያ መርከብ፣ «ኤ» ረዳት መርከብን ያመለክታል። አሜሪካኖቹ ቁጥሩን ብቻ ነው የሚጽፉት። ሰንደቅ ዓላማው ከኋላ ነው። ወደብ ላይ ሲቆም ከፊት ሌላ ትንሽ ባንዲራ ይሰቀላል። ከፊት እስከ ኋላ ባለቀለም ባንዲራዎች ከተዘረጉ የበዓል ቀን ነው ማለት ነው።

መርከቡን ከወደቡ ጋር የሚያስሩት ወፍራም ገመዶች ላይ ክብ ሳህን የሚመስል ነገር ካያችሁ አይጥ መከልከያ ነው። አይጧ በገመዱ ላይ እየተራመደች እንዳትገባ። እነዚህን ገመዶች አትርገጡ፣ አጠገባቸውም አትቁሙ። ተወጥሮ የተበጠሰ ገመድ ሰው ይገድላል።

ባለ ሸራ ከሆነ የመጨረሻውን ምሰሶ እዩ። ሁሉም ምሰሶዎች፣ የኋለኛውም ጭምር፣ አግድም እንጨትና አራት ማዕዘን ሸራ ካላቸው «ሙሉ ሸራ» የሚባለው ነው፤ ቬስፑቺ እንደዚያ ናት። የኋለኛው ምሰሶ አግድም እንጨት ከሌለው «ባርክ» ይባላል፤ ኢግል ባርክ ነው። ይህን አንዴ ከለያችሁ ከሩቅ እያያችሁ ለልጆቻችሁ ሊቅ ትሆናላችሁ።

5. አሳፋፈር

መወጣጫው ይንቀሳቀሳል። የባሕሩ ውሃ ሲሞላና ሲጎድል መርከቡ ከፍና ዝቅ ስለሚል፣ ጠዋት ሜዳ የነበረው ማታ ዳገት ሊሆን ይችላል። አንድ እጅ ሁልጊዜ መያዣው ላይ ይሁን። ከላይ ተረኛው ይቀበላችኋል። ሲቪል ሰው ሰላምታ መስጠት አይጠበቅበትም። ግን «መግባት ይፈቀድልኛል?» ብትሉ ፊታቸው ይበራል፤ የቆየ የመርከብ ወግ ነው።

6. ውስጥ ስትንቀሳቀሱ

የመርከብ ደረጃ ደረጃ አይደለም፣ መሰላል ነው። ስትወጡም ስትወርዱም ፊታችሁ ወደ መሰላሉ ይሁን። ስትወርዱ እንደ ቤት ደረጃ ወደ ፊት አትሂዱ። ሁለቱም እጅ ባዶ ይሁን፤ ስልክ ኪስ ውስጥ። በሮቹ ውሃ እንዳያልፍ ከወለሉ ከፍ ያለ ደፍ አላቸው። እግር አንሱ፣ ጭንቅላት ዝቅ አድርጉ። ከሁለቱ አንዱን የረሳ ሰው ሕመሙ ያስታውሰዋል። ሰርጓጅ መርከብ ከሆነ የጠባብ ቦታ ፍርሃት ያለበት ሰው ሳይገባ ቢያስብበት ይሻላል። አንዴ ሰልፉ ከተጀመረ ወደ ኋላ መመለስ ከባድ ነው።

የሕፃን ጋሪ አይገባም። በዊልቸር ለሚንቀሳቀስ ሰው የላይኛው ወለል ብቻ ሊከፈት ይችላል፤ ትልልቆቹ ሙዚየሞች ግን አሳንሰር አላቸው። ቀድማችሁ ጠይቁ።

7. ምን ልይ?

በጦር መርከብ ላይ ሁሉም ወደ መድፉ ይሮጣል። ከመድፉ ፊት ወይም ኋላ ወለሉ ላይ ተደርድረው ያሉ አራት ማዕዘን ክዳኖች ካሉ ግን እነሱን ነው ማየት ያለባችሁ። ሚሳኤሎቹ ከታች ቆመው የሚተኮሱት ከዚያ ነው። ብዙ ሰው አጠገባቸው ቆሞ የመድፉን ፎቶ ያነሳል። የመርከቡ መሪ ክፍል ውስጥ ደግሞ መሪው ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ ተመልከቱ።

ኮሪደሩ ላይ ደግሞ ግድግዳውን እዩ። በቧንቧና በእሳት ማጥፊያ መሐል የእንጨት ሽብልቅና ምሰሶ ታስሮ ታገኛላችሁ። ሚሳኤል በሚተኩስ መርከብ ላይ ቀዳዳ የሚደፈነው አሁንም በእንጨትና በመዶሻ ነው። እንጨት ውሃ ሲነካው ያብጣል፤ ቀዳዳውን ይበልጥ ይዘጋል። ከሁሉም መሣሪያ ይልቅ ይህ ነው ስለ መርከብ ሕይወት እውነቱን የሚነግራችሁ።

በሸራ መርከብ ላይ ገመዱን እዩ። ለንደን ግሪኒች ያለችው ከቲ ሳርክ (1869) ብቻ ወደ 18 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ገመድ ነበራት። እያንዳንዱ ገመድ ቦታው የታወቀ ነው። መርከበኛው በድቅድቅ ጨለማ፣ በዝናብ፣ በእጁ ዳስሶ ማግኘት አለበት። ለዚህ ነው ገመድ አትንኩ የሚባለው። አንዱን የፈታ ሰው ከላይ ያለውን ከባድ እንጨት ሊያንቀሳቅስ ይችላል።

ደወሉንም እዩት። በየግማሽ ሰዓቱ አንድ እየጨመረ እስከ ስምንት ይደወላል፤ ስምንት ሲሆን የ4 ሰዓት ተራ አለቀ። በአንዳንድ ባሕር ኃይሎች የመርከበኞች ልጆች በተገለበጠው ደወል ውስጥ ይጠመቃሉ፣ ስማቸውም ውስጡ ይቀረጻል። ተረኛው ደስተኛ ከሆነ አጎንብሳችሁ እንድታዩ ይፈቅድላችሁ ይሆናል።

8. ጠይቁ

በእኔ እምነት ከጉብኝቱ ሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው። ብረቱን ኢንተርኔት ላይ ታገኙታላችሁ፤ ሰውዬውን አታገኙትም። በር ላይ የቆመው ልጅ ለሰዓታት ቆሞ «ሽንት ቤት የት ነው?» ሲባል የዋለ ነው። «አንተ እዚህ ሥራህ ምንድን ነው?» ብትሉት ይነቃል። የት እንደሚተኛ፣ ማዕበል ሲመጣ ምግብ እንዴት እንደሚበስል፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ምሰሶ ላይ ሲወጣ ምን እንደተሰማው ጠይቁ።

ቀጥሎ ወዴት እንደሚሄዱ አትጠይቁ። አይነግሯችሁም፣ እነሱንም ያስጨንቃል። ፍጥነቱን ከጠየቃችሁ «ከ30 ኖት በላይ» ብለው ፈገግ ይላሉ። አንድ ኖት በሰዓት 1.852 ኪሎ ሜትር ነው፤ ቀሪውን ራሳችሁ አስሉ።

ፎቶ ሲከለከል አትከራከሩ። ሰው ስታነሱ አስፈቅዱ። ድሮን በጭራሽ።

አንድ ነገር ልጨምር። በበዓል ቀን አሥር መርከብ ተደርድሮ ስታዩ ሁሉንም ለማዳረስ አትሩጡ። አንድ የጦር፣ አንድ የሸራ መርጣችሁ ቀስ ብላችሁ እዩ። የቀሩትን ከዳር ማየት ይበቃል።

9. ሲሄዱ ለማየት

ባለ ሸራዎቹ ሲወጡ ማየት ከመሳፈሩ ሊበልጥ ይችላል። እጩ መኮንኖቹ አግድም እንጨቶቹ ላይ ተሰልፈው ቆመው ለከተማው ሰላምታ ይሰጣሉ። ይህ ግን ለዓይን ብቻ ነው፤ ሥራው የሞተርና የጎታች ጀልባ ነው። ጠባብ ወደብ ውስጥ ትንሽ ስህተት ዋጋ ያስከፍላል። በግንቦት 2025 የሜክሲኮው ኩዋውቴሞክ ከኒውዮርክ ሲወጣ ብሩክሊን ድልድይን ገጭቶ የምሰሶዎቹ ጫፍ ተሰብሮ ሁለት ሰው ሞቷል።

ሸራው በሙሉ የሚዘረጋው ብዙውን ጊዜ ከወደቡ አፍ ውጭ ነው። ስለዚህ መርከቡ በቆመበት ቦታ አትሰለፉ። ካርታ አውጡና ወደ ባሕሩ የወጣ ከፍ ያለ መሬት ፈልጉ፣ አቅርቦ ማሳያ መነጽር ያዙ፣ ከተባለው ሰዓት አንድ ሰዓት ቀድማችሁ ድረሱ። የንፋሱን ትንበያም እዩ። ንፋስ ከሌለ ሸራውን ለሰው ብለው ቢሰቅሉትም ተንጠልጥሎ ነው የሚቀረው። በጣም ከበረታ ደግሞ ጥቂቱን ብቻ ነው የሚከፍቱት።