በጥንቸል ፀጉር የትራውት ማጥመጃ ዝንብ እንዴት ይሠራል?

ትራውት የቀዝቃዛ ወንዝ ዓሣ ነው። አብዛኛውን ምግቡን የሚለቅመው ከውሃው ሥር ነው። ገና ክንፍ ያላወጡ፣ በድንጋይ መሃል የሚኖሩ ነፍሳትን ይበላል። ኒምፍ ይባላሉ። እነሱን የሚመስል ማጥመጃ (አጥማጆች "ዝንብ" የሚሉትን) መሥራት የቻለ ሰው ነፍሳቱ በውሃው ላይ እስኪበሩ መጠበቅ የለበትም።

ለጀማሪ የምመክረው እንግሊዞች ለረጅም ዘመን የተጠቀሙበትን፣ በዱር ጥንቸል ጆሮና ፊት ፀጉር የሚሠራውን "ሄርስ ኢር" ነው። ሲንጨባረር ነው የሚያምርበት። ሾልከው የወጡት ፀጉሮች በውሃ ውስጥ እንደ እግር ይንቀሳቀሳሉ፣ አየርም ይይዛሉ።

የሚያስፈልገው ብዙ አይደለም፦ ቁጥር 14 መንጠቆ (ቁጥሩ ሲጨምር መንጠቆው እንደሚያንስ ልብ በሉ)፣ ቀጭን ቡናማ ክር፣ ቀጭን ወርቃማ ሽቦ፣ ከነፀጉሩ የደረቀ የጥንቸል ፊት ቆዳ፣ ጠቆር ያለ የተርኪ ላባ፣ ሰም፣ መቀስና ትንሽ ሞርሳ።

መጀመሪያ ፀጉሩን አዘጋጁ። ዋናው ሥራ እዚህ ነው። የጆሮው ፀጉር አጭርና ደረቅ ስለሆነ ለብቻው ክር ላይ አይይዝም። የጉንጩ ደግሞ ለስላሳ ነው። ለብቻው ከሆነ ግን ዝንቡ ሕይወት ያጣል። ሁለቱንም ቆርጣችሁ በጣታችሁ እየበታተናችሁ ደባልቁ። ቀለሙ ወጥ ባይሆን አትጨነቁ። የወንዝ ነፍሳትም ወጥ ቀለም የላቸውም።

የመንጠቆውን ወደ ኋላ የዞረ ጥርስ በፒንሳ ጨፍልቁና መንጠቆውን ሞርሳው ላይ እሰሩ። ከመንጠቆው ቀዳዳ ኋላ ትንሽ ቦታ ትታችሁ ክሩን እስከ መታጠፊያው ጠምጥሙ። እዚያ ጥቂት ጠንካራ ፀጉሮችን ለጅራት እሰሩ። ቀጥሎ ሽቦውን እሰሩና ለጊዜው ወደ ኋላ ተዉት።

አሁን ክሩን ሰም ቀቡት። ከፀጉሩ በጣም ትንሽ ቆንጥራችሁ ክሩ ላይ አድርጉና በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ፍተሉት። ባዘቶ ሲፈተል ያየ ሰው እጁ ቶሎ ይለምደዋል። ጀማሪ ሁሉ ፀጉር ያበዛል። ይበቃል ብላችሁ ካሰባችሁት ግማሹን መልሱ። ከጅራቱ በኩል ቀጭን፣ ወደ ፊት ወፈር እያለ እንዲሄድ አድርጋችሁ ከግማሽ ትንሽ እስኪያልፍ ጠምጥሙት። ከዚያ ሽቦውን በተቃራኒ አቅጣጫ አራት አምስት ዙር አዙሩበት። በተቃራኒ የሚዞረው ፀጉሩ ውስጥ ሰምጦ እንዳይጠፋና ፀጉሩን እንዲይዝ ነው።

ከላባው ቀጭን ቁራጭ ወደ ኋላ አስተኝታችሁ እሰሩ። ፊት ለፊት የጆሮ ፀጉር የበዛበትን ድብልቅ ወፈር አድርጋችሁ ጠምጥሙ። ላባውን በላዩ አጥፉና ከቀዳዳው ኋላ እሰሩት። ትርፉን ቁረጡ፣ ክሩን ቋጥሩ፣ ጠብታ ውሃ መሳይ (ቀለም አልባ) የጥፍር ቀለም አስነኩት። በመጨረሻም ከሆዱ በኩል ፀጉሩን በመርፌ ጎተት ጎተት አድርጉ። ይህን እንዳትዘሉ!

ዲሲና ቨርጂኒያ ያላችሁ ሸናንዶዋ ፓርክ ውስጥ የራፒዳን ወንዝ አለላችሁ። ፕሬዚዳንት ኸርበርት ሁቨር በ1929 የማረፊያ ካምፑን እዚያ የሠራው ለትራውቱ ሲል ጭምር ነው። ከ16 ዓመት ጀምሮ የቨርጂኒያ ፈቃድ ያስፈልጋል። በፓርኩ ውስጥ ከራፒዳን የተያዘ ዓሣ ይለቀቃል። አገር ቤትም ቢሆን በባሌ፣ ዲንሾ አካባቢ ባሉ ወንዞች ከውጭ መጥቶ የለመደ ትራውት አለ።

ዓሣው ፊቱን ወደ ምንጩ አዙሮ ነው የሚቆመው። ስለዚህ ከኋላው ቆማችሁ ወደ ላይ ወርውሩ። ዝንቡ ይስመጥና ከውሃው እኩል ይፍሰስ። ገመዱ ከጎተተው ትራውት አይነካውም። ጥልቀት ባለበት ቦታ ዓሣው ሲነክስ የሚያሳይ ተንሳፋፊ ምልክት ገመዱ ላይ እሰሩ። ከዝንቡ ያለው ርቀት የውሃውን ጥልቀት አንድ ተኩል ጊዜ ያህል ይሁን። ጥልቀት በሌለው ትንሽ ወንዝ ግን ምልክቱ ያስደነግጣል። ዘንጉን ከፍ አድርጋችሁ ገመዱን ከውሃው ላይ አንሱ፣ ጫፉን ብቻ ተመልከቱ።

ገመዱ ለአፍታ ቆም ካለ ዘንጉን አንሱ። ድንጋይም ሊሆን ይችላል፣ ግን አንሱ። እጃችን እስኪሰማው ከጠበቅን ዓሣው ቀድሞ ተፍቶታል። አልፎ አልፎ እንኳ መሬት ካልነካ ዝንቡ አልሰመጠም ማለት ነው። በሚቀጥለው ስትሠሩ ከፀጉሩ ሥር ጥቂት ዙር ወፍራም ሽቦ ጨምሩ። ፍሰቱ ሲያልቅ ወዲያው አታውጡት። ዘንጉን ቀስ ብላችሁ ከፍ ስታደርጉ ዝንቡ ክንፍ ሊያወጣ ወደ ላይ እንደሚዋኝ ነፍሳት ይነሳል። ብዙ ጊዜ የሚነከሰው እዚህ ላይ ነው።

ዓሣውን ከመንካታችሁ በፊት እጃችሁን አርጥቡ። መንጠቆውንም ዓሣው ውሃ ውስጥ እንዳለ አውጡ። ጥርሱን ስለጨፈለቃችሁት በቀላሉ ይወጣል። ዝንቡ ከጥቂት ዓሣ በኋላ ይበታተናል። አትጣሉት፣ ሽቦው እስካልተፈታ ድረስ ከአዲሱ የተሻለ ይሠራል።