የጠፋውን የሦስት ቀን ኮድ እንዴት መለስነው

ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ያለች አንዲት ክፍል ውስጥ አራት ሆነን እንሠራለን፤ ኮዱን የምንጋራው በጊት (የኮድ ለውጦችን ታሪክ በሚይዝ ፕሮግራም) ነው። ሐሙስ ማታ መብራት ሄዶ ሲመለስ አንዱ ጓደኛችን ፑሽ (ኮዱን ወደ ሰርቨሩ መላክ) እምቢ ስላለው በፎርስ፣ ማለትም ሰርቨሩ ላይ ያለውን በግድ በራሱ ተክቶ፣ ገፋው። እሱ ላፕቶፕ ላይ የነበረው ግን የሰኞው ኮድ ነው። የሦስት ቀን ሥራ ከዋናው ብራንች (ከኮዱ ዋና መስመር) ድራሹ ጠፋ። እኔም ደንግጬ ከሰርቨሩ ጋር ላስተካክል ብዬ ሪሴት ሃርድ (የራሴን ሰርቨሩ ላይ ባለው የሚተካ ትእዛዝ) ስል የኔውም ወደ ሰኞ ተመለሰ። ክው አልኩ።

ያዳነን ሪፍሎግ ነው፤ ብራንቹ ቀድሞ የት እንደነበረ ጊት ላፕቶፑ ላይ የሚይዘው መዝገብ። ጊት አንዴ ኮሚት የተደረገን (ታሪኩ ውስጥ የተመዘገበን) ነገር ወዲያው አይጥልም፤ ቅንብሩን ካልነካችሁት እንዲህ የተቆረጠውን እንኳ 30 ቀን ያህል ያቆየዋል። ተርሚናል ላይ ጊት ሪፍሎግ ብዬ ስጽፍ ከላይ ሪሴቱ፣ ከሥሩ ደግሞ የሐሙስ ከሰዓቱ ኮሚት ከነመለያው ቁጭ ብሏል! በዚያ መለያ አዲስ ብራንች ከፈትኩ፣ ከልጆቹ ጋር ፋይል በፋይል አየነው፣ ከዚያ ወደ ዋናው መለስነው። ኮሚት ያላደረግኩት አንድ ፋይል ግን አልተመለሰም፤ እንደገና ጻፍኩት።

አሁን ዋናው ብራንች ፎርስ ፑሽ አይቀበልም። ማታ ማታ ደግሞ ሁሉንም ብራንች በጊት በንድል አንድ ፋይል አድርገን፣ ቀኑን ጽፈንበት፣ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ላይ እናስቀምጣለን። ሚረር (የሰርቨሩ ግልባጭ) ብቻ አይበቃም፣ ሰርቨሩ ላይ የተበላሸውንም እንዳለ ይቀዳዋልና። አርብ አንዱን በንድል ሌላ ላፕቶፕ ላይ ክሎን አድርገን (ኮዱን ከነታሪኩ ገልብጠን) ሞከርነው፤ ሠርቷል።