የታሸገ ሽሮ ለገበያ ለማቅረብ ኤአይ ሲጠቀሙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ባለ 500 ግራም የታሸገ ሽሮ ሁዳዴ ከመግባቱ በፊት አዲስ አበባ ውስጥ ለሽያጭ ሊያቀርቡ ነው እንበል። ከኤአይ (ሰው ሠራሽ አስተውሎት) ረዳቶች አንዱን፣ ቻትጂፒቲን፣ ጄሚናይን ወይም ክሎድን፣ «ዕቅድ አውጣልኝ» ቢሉት ሳምንት በሳምንት የተከፋፈለ ሰንጠረዥ ወዲያው ያወጣልዎታል። ሰንጠረዡ የተሟላ ስለሚመስል ስህተቱ ቶሎ አይታይም፤ የሚታየው ገንዘብ ከወጣ በኋላ ነው።

ምንም ሳይነግሩት ዕቅድ መጠየቅ

ረዳቱ ያልነገሩትን ሁሉ በግምት ይሞላል። ግምቱን የሚያመጣው ደግሞ በብዛት ከተማረበት የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ነው። ስለዚህ የኢሜይል ዝርዝር ሰብስቡ፣ ለብላክ ፍራይዴይ (የአሜሪካውያን የቅናሽ ቀን) ቅናሽ አዘጋጁ ይላል። የእርስዎ ደንበኛ ግን ሽሮ የምትገዛው ከሰፈሯ ሱቅ ነው፤ ካዘዘችም በስልክ ወይም በቴሌግራም አዝዛ በቴሌብር ትከፍላለች።

ከመጠየቅዎ በፊት አንድ ገጽ ይጻፉ፦ በቀን ስንት ኪሎ ማስፈጨትና ማሸግ እንደሚችሉ፣ በእጅዎ ያለውን ገንዘብ፣ የሠራተኛ ብዛት፣ የትኞቹ ሰፈሮች ላይ እንደሚሸጡ፣ ፈቃዱ ምን ላይ እንደደረሰ። ከዚያ «ዕቅዱን ከማውጣትህ በፊት የጎደሉህን 10 ነገሮች ጠይቀኝ» ይበሉት። የሚጠይቅዎት ጥያቄዎች ብዙ ጊዜ ከዕቅዱ ራሱ ይበልጥ ይጠቅማሉ።

ቀኑን ሳያረጋግጡ መቀበል

ከሁሉም ከባዱ ስህተት ይህ ነው፤ ቀን ከተዛባ ከሥሩ ያለው ሥራ ሁሉ አብሮ ይዛባል። «ጾም ከመግባቱ በፊት» ብለው በደፈናው ከጠየቁ ረዳቱ የምዕራባውያኑን ጾም ሊወስድ ይችላል። በ2019 ዓ.ም. የእነሱ ጾም የሚጀምረው የካቲት 3 (በፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ 10 ቀን 2027) ነው። የእኛ ፋሲካ ሚያዝያ 24 ስለሚውል 55ቱ ቀን ተቆጥሮ ሁዳዴ የሚገባው ሰኞ የካቲት 29 ነው። በመሀል 26 ቀን አለ። የማስታወቂያ በጀትዎ ሰው ገና ሥጋና ቅቤ በሚገዛበት ወር ያልቃል ማለት ነው።

ዋና ዋናዎቹን ቀኖች ከታተመ የቀን መቁጠሪያ ላይ ራስዎ አውጥተው በሁለቱም አቆጣጠር ጽፈው ይስጡት፤ ከዚያ ወደ ኋላ እንዲቆጥር ያድርጉ። ለምሳሌ ሁዳዴ የካቲት 29 ከገባ ሽሮው ሱቅ የሚደርሰው የካቲት 15፣ ማሸግ የሚጀመረው የካቲት 1፣ የታተመው ማሸጊያ ከማተሚያ ቤት የሚረከቡት ጥር 20፣ እህሉ ተለቅሞና ተቆልቶ ቅመሙ የሚዘጋጀው ከዚያው ጎን ለጎን ነው። ለማሸጊያው ቢያንስ 10 ቀን መጠባበቂያ ይጨምሩ፤ ብዙ ጊዜ የሚዘገየው እሱ ነው።

ሰዓቱንም ይዩ። የእንግሊዝኛውን 8 ሰዓት እንዳለ ወስዶ «ከምሽቱ 8 ሰዓት ላይ ይለጥፉ» ብሎ ይጽፋል፤ ሊል የፈለገው ከምሽቱ 2 ሰዓት ነው።

የትርፉን ስሌት እንዳለ መውሰድ

ረዳቱ ከመሸጫው ዋጋ የማምረቻውን ወጪ ቀንሶ ቀሪውን የእርስዎ ትርፍ ያደርገዋል። አንዱ እሽግ ሱቅ ላይ 200 ብር ይሸጣል፣ የሚያስወጣዎትም 115 ብር ነው እንበል። በእሱ ስሌት 85 ብር ይተርፋል፤ ለማስጀመሪያ 180,000 ብር ካወጡ 2,118 እሽግ ሸጠው ወጪዎን ይመልሳሉ። ነገር ግን ባለሱቁ 30 ብር፣ አከፋፋዩ 15 ብር ይወስዳሉ። ለእርስዎ የሚቀረው 40 ብር ነው፤ ወጪውን ለመመለስ 4,500 እሽግ ያስፈልጋል። ለቅምሻ በነፃ የሚሰጠው፣ ተቀዶ የሚመለሰው እና ግብሩ ገና አልተነሡም። እያንዳንዱን ተቀናሽ በብር ጽፈው ይስጡት፤ የሂሳብ ደረጃዎቹን አንድ በአንድ እንዲያሳይ ይጠይቁ፤ ውጤቱን በካልኩሌተር ይድገሙት።

የዶላሩንም ምንዛሪ ያረጋግጡ። ሐምሌ 2016 ላይ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ አሁን ከእጥፍ በላይ ነው። ረዳቱ በድሮው መረጃ ካሰላ ከውጭ የሚገባ የማሸጊያ ላስቲክ ከግማሽ ባነሰ ዋጋ ተይዞ ያገኙታል።

«ገበያው ይቀበለዋል?» ብሎ እሱን መጠየቅ

ረዳቱ መርካቶን አላየም። የተፎካካሪ ስም፣ የአከፋፋይ ስልክ፣ «ከሸማቾች 60 በመቶው» የሚል አኃዝ ከየትም ሳያመጣ ሊጽፍ ይችላል። እሱን ለሚጠቅመው ሥራ ያውሉት፦ ለ20 ባለሱቆች የሚቀርቡ አጫጭር ጥያቄዎች ያዘጋጅልዎ። መልሱን ራስዎ ዞረው ይሰብስቡ፤ ሲጨርሱ ጽፈው ይስጡትና ይመድበው።

ያወጣውን የማስታወቂያ ጽሑፍ ሳያርሙ መለጠፍ

አማርኛው ብዙ ጊዜ የትርጉም ሽታ አለው፤ በአንድ ጽሑፍ ውስጥ «አንቺ»ን እና «እርስዎ»ን ይደባልቃል። ይህ ጮክ ብለው ሲያነቡት ስለሚታወቅ በቀላሉ ይስተካከላል። የሚያስጠይቀው ሌላ ነው፤ «ስኳር በሽታን ይከላከላል»፣ «ደም ግፊት ይቀንሳል» የሚሉ ሐረጎችን ሳይጠየቅ ይጨምራል። የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል፤ ማረጋገጫ የሌለዎትን የጤና ጥቅም ሁሉ ያውጡ። በማሸጊያው ላይ ስለሚጻፈው ነገርም የአሜሪካውን ደንብ ሊነግርዎ ስለሚችል፣ ከማሳተምዎ በፊት የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣንን ይጠይቁ።

የደንበኞችን ስልክ ቻቱ ውስጥ ማስገባት

ቅድሚያ ያዘዙ ሰዎችን ስምና ስልክ እንዳለ ቻቱ ውስጥ አያስገቡ። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ ደንበኛዎም ስልኳን የሰጠችው ሽሮ ለማዘዝ ብቻ ነው። «ደንበኛ 1፣ ገርጂ፣ 3 እሽግ» በቂ ነው።

ማቆሚያ የሌለው ዕቅድ ይዞ መግባት

ረዳቱ ሐሳብዎን ማድነቅ ይቀናዋል፤ «እንዴት ነው?» ካሉት «ድንቅ ነው» ይላል። ጥያቄውን ይቀይሩት፦ «ከሦስት ወር በኋላ ይህ ሥራ ከሽፏል እንበል፤ ሊያከሽፉት የሚችሉ 7 ምክንያቶችን ከከባዱ ጀምረህ ጻፍ፤ ለእያንዳንዱ ቀድሞ የሚታየውን ምልክት ጨምር»። ከመልሱ የእርስዎን ሁኔታ የሚነኩትን ሁለት ሦስቱን ይውሰዱና ማቆሚያውን በቁጥር ይጻፉ። ለምሳሌ ሁዳዴ ከመድረሱ አስቀድመው፣ ማሸጊያውን በብዛት ሳያሳትሙ፣ ተለጣፊ ምልክት ባለው ተራ ማሸጊያ 300 እሽግ ለ15 ሱቆች፣ ለእያንዳንዱ 20 እሽግ ይስጡ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ቢያንስ 8ቱ ሱቆች ደግመው ካላዘዙ ማሸጊያውን አያሳትሙ፤ ወደ ሱቆቹ ተመልሰው ዋጋው ይሁን ጣዕሙ ይጠይቁ።