ያቺ የፉጨት ዜማ የማን ናት? እንዲህ አጣሩ

ደብረ ማርቆስ ቡና ቤት ተቀምጦ አንዱ ዜማ ያፏጫል። «የእገሌ ናት» ይላል ሌላው። «ኧረ ወዲያ! የእኛ አገር እረኞች ናት» ይላል ሦስተኛው፣ ከዚያ ክርክሩ ይጦፋል። ዘፋኝን በድምፁ ትለዩታላችሁ፤ ያፏጨን ሰው ግን እናቱም አትለየው።

መጀመሪያ ጥያቄውን ከፋፍሉት። ማን ደረሰው? ስቱዲዮ ገብቶ ማን አፏጨው? ሕዝብ ፊት ማን ቆመ? ሦስት የተለያዩ ሰዎች ሊሆኑ ይችላሉ።

ቀልድ ከመሰላችሁ የእንግሊዞቹን እዩ። በ1967 እ.ኤ.አ. ዴራም የተባለው አሳታሚ «አይ ዋዝ ካይዘር ቢልስ ባትማን» የሚል የፉጨት ሸክላ አወጣ፤ እንግሊዝ 5ኛ፣ አሜሪካ 20ኛ ደረጃ ድረስ ወጣ። ሸክላው ላይ ያለው ስም ዊስሊንግ ጃክ ስሚዝ ነው። እንዲህ የሚባል ሰው ግን የለም! ስሙ ዊስፐሪንግ ጃክ ስሚዝ ከተባለ የድሮ አሜሪካዊ ዘፋኝ ለጨዋታ የተቀዳ ነው። ደራሲዎቹ ሮጀር ኩክና ሮጀር ግሪናዌይ ናቸው፣ እዚህ ላይ ጠብ የለም። ጠቡ ያፏጨው ላይ ነው። አንዱ ወገን ጆን ኦኒል ነው ይላል፣ ሌላው ደግሞ ፕሮዲዩሰሩ ኖኤል ዎከር ራሱ ነው ይላል። በዊስሊንግ ጃክ ስሚዝ ስም ሕዝብ ፊት የቀረበው ግን ቢሊ ሞለር የሚባል ሌላ ልጅ ነበር፣ ቀረጻው ላይ ያልነበረ።

ስለዚህ የሽፋን ስምና ፎቶ አይሸውዳችሁ። ሸክላው መሃል ላይ በደቃቁ የተጻፈውን አንብቡ፣ የደራሲው ስም እዚያ ነው። ያፏጨውን ከፈለጋችሁ ቀረጻው ላይ የነበረ ሰው መጠየቅ ነው። ዓመተ ምሕረቱንም ልብ በሉ፤ የእነሱ 1967 የእኛ 1959 ነው። ይህን አደባልቆ «የእኛ ይቀድማል» ብሎ የሚፎክር ሞልቷል።

ወደ እኛ ስንመጣ፣ ዋሽንት የሚነፋ ሰው ፈልጉና ዜማውን ያጫውታችሁ። ትዝታ ነው? ባቲ? አምባሰል? አንቺሆዬ? ቅኝቱ አንድ ስለሆነ ብቻ ግን ተሰረቀ አትበሉ፤ በአምስት ድምፅ የሚሠራ ዜማ መመሳሰሉ የት ይቀራል። አነሳሱን፣ ትንፋሽ የሚወሰድበትን ቦታና አጨራረሱን አወዳድሩ። ከዚያ ቢቸና፣ ቡሬና ዳንግላ ያሉ ትልልቅ ሰዎችን ለየብቻ በስልክ ቅዱ፣ አንዱ የሌላውን ሳይሰማ። «መቼ ሰማኸው?» ማለት ዋጋ የለውም። «ደርግ ሳይመጣ ነው ከመጣ በኋላ? ከብት ትጠብቅ ነበር ወይስ አግብተህ ነበር?» በሏቸው፣ ያን ጊዜ ቁርጡን ይነግሯችኋል።

የድሮ ካሴት ካገኛችሁም አትቸኩሉ። ካሴቱ መቼ እንደተቀዳ ይነግራችኋል እንጂ ከዚያ በፊት ማን ያፏጨው እንደነበር አይነግራችሁም። ዩቲዩብ ላይ ስትለጥፉት ደግሞ «የሕዝብ ዜማ» ብላችሁ አትገላገሉ። ያፏጨላችሁን ሰው አስፈቅዳችሁ ስሙንና አገሩን ጻፉ፤ ሁለት ሰዎች የእኔ ነው ካሉም ሁለቱንም ጻፉ።